የእሸት ሽታ

የሻረግ ከልዩ የኤክስፖርት ቀጠናው የባቄላ ማሳ ስትወጣ፣ እንደ ሁልጊዜው አፏን ለበሩ ከፈተች። በሩ ትንፋሿን አሽትቶ አረንጓዴ አበራ። በቀጠናው የበቀለ ሁሉ ለውጭ አገር ገበያ ነው፤ ቀምሶ የተገኘ ሰው ከነቤተሰቡ ይባረራል። መሬቱ የአባቷ ነበር። ያኔ መንገደኛ ሳይቀር ገብቶ እሸት ይቀጥፍ ነበር፤ ሌባ ያለው ማንም የለም።

ለምሳ ቤት ስትደርስ ልጇ ፈንታነሽ የስምንት ወር ሆዷን ደግፋ ተነሳች።

«እማዬ፣ ዛሬስ?»

«ይኸው» አለች የሻረግ መዳፎቿን ዘርግታ። በሩ እጅ አያሸትም፤ ስለዚህ አንድ እሸት ፈልፍላ በመዳፎቿ መካከል ጨፍልቃ፣ ሳትታጠብ መጥታለች።

ፈንታነሽ አፍንጫዋን መዳፉ ውስጥ ቀብራ ሳቀች። «አምሮቷን የተከለከለች እርጉዝ፣ ልጇ ላይ ምልክት ይወጣል ትይ የለ? የኔውማ ባቄላ ግንባሩ ላይ ለጥፎ ይወለዳላ!»

«ኧረ አፍሽን ዝጊ፣ አንቺ!»

ፈንታነሽ ሳቋን አቆመች። ዐይኗን ጨፍና የእናቷን መዳፍ ላሰችው።

የሻረግ ክው አለች። የጤና ጣቢያውም ትንፋሽ የሚያሸት በር አለው፤ የልጇ ቀጠሮ ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ነው። ሮጣ ውሃና ጨው አመጣች። ይህችን ልጅ «ዋጪ፣ የኔ እመቤት» እያለች እህል ያስለመደች እናት፣ አገጯን ይዛ፣

«ትፊው» አለቻት።