አነስ ያለ ቸርኬ

«ከዚህ ያነሰ ቸርኬ የለዎትም?» አለኝ ሹፌሩ።

ሃያ ዓመት ቸርኬና ጎማ ስሸጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሱቄ የሚመጣ ሁሉ ትልቁን፣ የሚያብረቀርቀውን ፍለጋ ነው። ይኼ ሰውዬ ግን መስታወት የመሰለ ጥቁር የቅንጦት መኪና ደጄ ላይ አቁሞ፣ ሃያ ኢንቹን ምርጥ ቸርኬ አስወልቆ አስራ ስምንት ሊያስገጥም ይፈልጋል። ጎማውም ጎኑ ወፈር፣ ለስለስ ያለ ይሁንልኝ አለ።

«መኪናው የማን ነው?»

«የእመቤቴ። እኔ ሹፌር ነኝ።»

«እሳቸው ያውቃሉ?»

የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፤ መልሶ ፈታው። «ባያውቁ ይሻላል» አለ።

እዚህ ላይ ሆዴ ተጠራጠረ። አምና አንዱ እንዲሁ ትሁት መስሎ የሸጠልኝ አራት ቸርኬ የተሰረቀ ሆኖ፣ ሳምንት ሙሉ ፖሊስ ጣቢያ ስመላለስ ከርሜያለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉ የለ?

«የሚወልቁትን ታዲያ ምን ልታደርጋቸው ነው?»

«ቤት ወስጄ አስቀምጣቸዋለሁ።»

«እሳቸው ሳያውቁ?»

«እትዬ፣ ሴትዮዋ ታመዋል። በሳምንት ሦስት ቀን ሕክምና አመላልሳቸዋለሁ። የዚህ ቸርኬው ትልቅ ስለሆነ ጎማው ስስ ነው፤ የመንገዱን ነገር ሁሉ እንዳለ ወገባቸው ላይ ነው የሚጥለው። ጠጠር ስንረግጥ እንኳ ሻርፓቸውን ይነክሳሉ። ይቀየር ስላቸው እምቢ አሉ። አሁን ሐኪም ቤት ናቸው፤ ስድስት ሰዓት ላይ አወጣቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ይድረስልኝ።»

«እምቢ ያሉት ለምንድን ነው?»

«እሱን እኔ አልናገርም።»

ታሪኩ አማረ። በጣም ስላማረ ጠላሁት። የአምናውም እናቴ ታማብኝ ነው ብሎ ዓይኑን እንባ ሞልቶት ነበር።

ጎማ የሚፈታልኝ ጎልማሳ፣ ክብደት ስለማይፈራ «ክሪክ» የምንለው፣ ከመኪናው ሥር ወጥቶ ጆሮዬ ሥር ተጠጋ። «እነዚህን እኮ እኛው ነን የገጠምናቸው» አለኝ። «ያ ሳቂታ ልጅ ትዝ አይልሽም? አንድ በአንድ እየዳበሰ የመረጠው? የኔ ቀለም ምልክት ከውስጥ በኩል አለ።»

እንዳትነካ ብዬ በዓይኔ ነገርኩት። ሹፌሩን «እስኪ ጎማ ምረጥ» ብዬ ወደ መደርደሪያው ላክሁትና ጠረጴዛዬ ላይ ያኖረውን የመኪናውን ቁልፍ ኪሴ ከትቼ ጓዳ ገባሁ። የሥራ መዝገቡን ገለጥኩ። የታርጋው ቁጥር ወዲያው ተገኘ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከጎኑ የልጁ ስልክ። በሩን ገርበብ አድርጌ ደወልኩ።

«አቤት! ማን ልበል?»

የወጣት ድምፅ አልነበረም። በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ልጁን ፈልጌ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ስልኩ የልጄ ነው» አሉ። «ካረፈ ዓመት ሊሆነው ነው። አላዘጋሁትም። አንዳንዴ መሞቱን ያልሰማ ሰው ይደውልለታል፤ ያን ጊዜ ደስ ይለኛል።»

እንደምንም ማን እንደሆንኩ፣ ሹፌራቸው ምን ሊያስደርግ እንደመጣ ተናገርኩ። ከጀርባቸው አንድ የሐኪም ቤት መሣሪያ ጢጥ ጢጥ ይላል።

«ከደሞዙ አጠራቅሞ ነው ያስገጠመልኝ» አሉ በመጨረሻ። «እማ፣ አሁን ገና የሚኒስትር እናት መሰልሽ ብሎ ሳቀብኝ። እሱን አውልቁ ብዬ በየትኛው አፌ ልዘዝ?»

«እንግዲያው እንዲተወው ልንገረው፣ እናቴ?»

«የለም፣ የለም፣ ልጄ!» ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ወረደ። «አንቺ አልደወልሽልኝም። እኔም አልሰማሁ። እሱ አላወቁብኝም ብሎ ይግባ፤ እኔም አላወቅሁም ብዬ እቀመጣለሁ። ብቻ ሲያወርዷቸው እንዳይጭሯቸው አደራ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ብቅ ስል ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ የጎማዎቹን ጎን በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ አንዱን ይተውና ሌላውን፣ ደግሞ ይመለሳል። ፍራሽ የሚመርጥ እንጂ ጎማ የሚገዛ አይመስልም።

«ማንን ነበር የሚያነጋግሩት?» አለኝ ቀና ሳይል። ለካ እሱም እኔን ሲጠረጥር ነበር።

«አስመጪዬን» አልኩት። ዋሸሁ። «የያዝከው ጎኑ ደረቅ ነው፤ ይኼን ውሰድ። ዙሩ ከወለቀው እኩል ስለሆነ የፍጥነት ቆጣሪህ አይዋሽም። ቸርኬውም ፍሬኑን አይነካም። ክሪክ! አውርዳቸው። መሬት እንዳታስነካ፣ ብርድ ልብስ አንጥፍ።»

ክሪክ ግራ ገብቶት አየኝና ሥራውን ጀመረ። አራቱን ለየብቻ ጠቅልዬ በክር ያሰርኳቸው እኔው ነኝ።

ሥራው ሲያልቅ ሹፌሩ ከኋላ ገብቶ በቀኝ በኩል ተቀመጠ። «እሳቸው የሚቀመጡት እዚህ ነው» አለ። «እስኪ አንዴ ይንዱልኝ።»

ነዳሁ። ከግቢው ስንወጣ አስፋልቱ የተቦረቦረበት፣ ሁሉም የሚራገመው ጉድጓድ አለ። በመስታወቱ አየሁት፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ የበሩን እጀታ በሁለት እጁ ጨብጧል። ጉድጓዱን አልፈን ጥግ ስንታጠፍ እሱ ገና ንጠቱን እየጠበቀ ነበር።