የጎደለው ኪሎ

«ቀጥ ብለህ ተቀመጥ። እጅህን መሪው ላይ አድርግ፤ አትነቃነቅ» ትለዋለች መካኒኳ ወንድሟን። እሱ በወፍራሙ የውድድር ቱታ ተጠቅልሎ፣ ሄልሜቱን እስከ አገጩ ስቦ፣ ቀበቶውን አስሮ ተቀምጧል። አራቱ ጎማዎች አራት የሚዛን ገበታ ላይ ቆመዋል። የውድድር መኪና የሚመዘነው ሹፌሩ ከነሙሉ ልብሱ ሲቀመጥበት ነው።

ወንድሟ ለሥራ ብሎ ሌላ ከተማ ከርሞ ዛሬ ነው የመጣው። ከግቢው በር ጀምሮ ሄልሜቱን አጥልቆ ሲገባ «ጥይት፣ ተኩሱ ገና ነው፤ አውልቀው!» ብላ ስቃበታለች። ጥይት ብለው ስም ያወጡለት ተመልካቾቹ ናቸው። እሱ ግን አላወለቀም፤ ቀጥታ ወደ መኪናው ገባ።

ጠዋት የብረቱን ኮፈን፣ የሞተሩን ክዳን፣ አውርዳ ከካርቦን ፋይበር የተሠራውን ቀላሉን ገጥማለች። ነጋዴው የዚያኑ ዓይነት ሁለት በሮች የጫነ ፒክ አፑን ደጅ አቁሞ ገብቷል። ኮፈኑ እንደተባለው መኪናውን ካቀለለ በሮቹን ትወስዳለች፤ በምትኩ የጋራዡን አንድ ለእናቱ የመኪና ማንሻ ትሰጠዋለች። ማንሻው ከሄደ ደግሞ ክረምት ከበጋ መሬት ላይ ተንጋልሎ መሥራት ነው። ገና ስታስበው ወገቧን ያማታል።

«ይሄ እኮ ላባ ነው» ይላል ነጋዴው ኮፈኑን መታ መታ እያደረገ። «የሚከብደው ዋጋው ብቻ ነው።»

«እኔስ እሱን አይደል የምልህ? ለአሥራ አንድ ኪሎ ብዬ እንጀራዬን ልስጥህ?»

«ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። ሚዛኑን እይና ከዚያ ትሰድቢኛለሽ።»

ታያለች። አምና፣ በዚሁ ነዳጅ፣ ይኸው ወንድሟ ተቀምጦ፣ መኪናው ስንት እንደነበር በቃሏ ታውቀዋለች። የብረቱ ኮፈን አሥራ ስምንት ኪሎ ነበር፤ ይሄኛው ሰባት ነው። መቀነስ ያለበት አሥራ አንድ ነው። ሚዛኑ ግን ሃያ ስድስት ቀንሷል ይላል።

«ሃያ ስድስት!» ነጋዴው ያጨበጭባል። «አልነገርኩሽም? መጀመሪያ ማንሻውን ልጫን ወይስ በሮቹን ላውርድ?»

ነዳጁን ታያለች፤ ሙሉ ነው። ባትሪው ቦታው ላይ ነው። የዘይት ጀሪካን አንስታ ገበታው ላይ ታስቀምጣለች፤ ሚዛኑ በትክክል ይጨምራል። የሆነ ነገር ተፈቶ ወድቆ ይሆናል ብላ ካርቶን አንጥፋ ከመኪናው ሥር ትገባለች። አንድ ቡሎን እንኳ አልጎደለም።

«ሰው ኪሎ ጨመርኩ ብሎ ያለቅሳል፤ አንቺ ቀነሰልኝ ብለሽ ልታለቅሺ ነው?» ይላል ነጋዴው።

ከሥር እንደተንጋለለች ያልቆጠረችውን ነገር ትፈልጋለች። መኪናውን በሙሉ ቆጥራለች። ወንድሟን አልቆጠረችም። እሱ ስልሳ ስምንት ነው፤ አንዴ ተመዝኖ የተያዘ ነገር ነው፣ እንደ ቸርኬው። ስልሳ ስምንት ነው ካለች ዓመታት አልፈዋል።

ተነስታ እጇን በጨርቅ ትጠርጋለች። «እስቲ ውረድ።»

«ለምን? ቁጥሩን አላየሽም?» ድምፁ ሄልሜቱ ውስጥ ታፍኗል። «በሮቹን አስወርጂ በቃ።»

«ውረድ አልኩህ!»

አይወርድም። ቀበቶውን ልትፈታ ጎንበስ ስትል እጇ ይቆማል። ይህን ቀበቶ አምና በእሱ ልክ ያጠበቀችው ራሷ ናት፤ ዘለበቱ የነከሰበት ቦታ አሁንም ጠቁሮ ይታያል። ዘለበቱ ግን ከዚያ አንድ መዳፍ ያህል አልፎ ወርዷል። የተረፈው ማሰሪያ ታጥፎ ከጭኑ ሥር ተወትፏል። ትከሻውን ስትይዘው ቱታው ወደ ውስጥ ይሰረጉድና እጇ አጥንት ላይ ያርፋል።

ሄልሜቱን ታወልቅለታለች። ጉንጩ የለም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እትዬ፣ እማዬ እንዳትሰማ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው አልኩህ!»

«ቆይቷል። የሄድኩትም ለሥራ አልነበረም፤ ሆስፒታል ተኝቼ ነው።» ትንፋሹን ይሰበስባል። «የሕክምናውን ዋጋ ነገሩኝ። ማንሻውን ብትሸጪ፣ ይሄን ጋራዥ ብትጨምሪበት አይደርስም። ለበሮቹ ግን ይደርሳል። አንድ ውድድር ብቻ፣ እትዬ። እሱን እንኳ ባሸንፍ ብዬ ነው።»

በጥፊ ልትለው ያምራታል። ሐዘኑ ገና አልመጣም፤ የመጣው ንዴት ነው። አሥራ አምስት ኪሎ ከወንድሟ ላይ ሲያልቅ እሷ መኪና ሥር ተንጋልላ ስትፈልገው ነበር።

«ስማ!» ትላለች ነጋዴውን፣ ፊቷን ሳትመልስ። «በሮችህን ይዘህ ሂድ። ማንሻውን በጥሬ ገንዘብ ስንት ትወስደዋለህ?»

«አይደርስም አልኩሽ እኮ!» ይላል ወንድሟ።

«ዝም በል። የደረሰበት ይድረስ።»

ቀበቶውን ፈትታ በብብቱ ሥር እጇን ከታ ስታነሳው በአንድ ጊዜ ከወንበሩ ይወጣል። እግሩ መሬት ሲነካ ይብረከረክና ሁለመናውን ትከሻዋ ላይ ይጥላል።

ነጋዴው ዋጋ ሊጠራ ጠጋ ይላል። ለሁሉም ነገር ዋጋ ያለው ሰው ነው፤ አፉን ከፍቷል። የልጁን ፊት ያያል። ቀስ ብሎ ኮፍያውን ያወልቅና ደረቱ ላይ ይይዘዋል፤ አስከሬን ሲያልፍ እንደቆመ ሰው አንገቱን ይደፋል።

«ኮፍያህን አድርግ!» ብላ ትጮኽበታለች። «አድርግ እኮ ነው የምልህ! ወንድሜ ቆሟል!»