የብርቄን አምባር ያበራው ሥራ

ብርቄን ማን ያገባት ይሆን? ማንንስ ልጠይቅ?

ሰው ሁሉ ሲወለድ አምባር ይታሰርለታል፤ የተፈጠረለትን ሥራ ሲሠራ አምባሩ ይበራል፤ አንዴ ከበራ ሌላ ሥራ መያዝ ክልክል ነው። የልጅ ልጄን ብርቄን ሐኪም ያድርግልኝ ብዬ ተስዬ ነበር። የእሷ አምባር የበራው ግን ትናንት የጎረቤታችንን የእትዬ ዘርፌን አስከሬን ስታጥብ ነው።

ዛሬ ምሳ ላይ፣ "እምዬ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም" አለችኝ።

"አይ ልጄ! ሬሳ ማጠብም ደስታ ሆነ?"

"አንቺንም የማጥብሽ እኔው ነኝ፣ አሳምሬ!" ብላ ሳቀችና ጠቅልላ ልታጎርሰኝ እጇን ዘረጋች።

ያ እጅ የነካው ትዝ አለኝና ፊቴን አዞርኩ። "ጠገብኩ" አልኳት፣ ገና ምኑንም ሳልቀምስ። ምነው አፌን በዘጋው!

ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰችው። ነጠላዋን አንስታ ወጣች።