የአያት ስም

«የሉም» ይላል መዝጋቢው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በባዶ ዓይኑ ነው የሚፈልጋት።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሰልፋለች። በዚህ አገር ታሪክ ሴት ለትልቁ ወንበር ስትወዳደር የመጀመሪያው ነውና፣ ሰልፉ ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወጥቶ አጥሩን ዞሯል። እሷም ዜግነት ካገኘች ወዲህ ስትመርጥ የመጀመሪያዋ ነው። ለዜግነቱ ፈተና ስድሳ ጥያቄ ሸምድዳለች፤ ስለ ሰልፍ ቢጠይቋት ኖሮ ሳታጠና ታልፍ ነበር።

ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አስፈቅዳ የመጣችው ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ አንሶላ መተኮሻው ማሽን ዘንድ መገኘት አለባት።

«የቤተሰብ ስምዎን ይድገሙልኝ።»

የአባቷን ስም ትደግምለታለች። መነጽሩን ያወርድና ጣቱን ከዝርዝሩ አናት እስከ ግርጌ ይነዳል። «የሉም። ለሚቀጥለው ይልቀቁ።»

ጠዋት መርጦ የጨረሰው ታክሲ ነጂ ባሏ እጅጌዋን ይጎትታል።

«ነይ በቃ የኔ እናት። ሌላ ጊዜ ይደርሳል።»

«ለማን?»

«ሰው እያየን ነው እኮ።»

«ይየን። እኔም ሁለት ሰዓት የሰው ጀርባ ሳይ ነው የዋልኩት።»

የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ትይዛለች። «አልሄድም» ትላለች፣ በራሷም በመዝጋቢውም ቋንቋ።

ባሏ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «የምዝገባውን ፎርም የሞላሁልሽ እኔ ነኝ።»

«እና?»

«‹የቤተሰብ ስም› ይላል። ቤተሰብ ደግሞ ባንድ ሰው አይሆንም ብዬ...»

«ብለህ?»

«አያትሽን ጻፍኳቸው።»

ልትቆጣው አፏን ትከፍትና መልሳ ትዘጋዋለች። አያቷ አገር ቤት በተነጠቁት መሬት ጉዳይ ማመልከቻቸውን በብብታቸው ይዘው አሥራ አንድ ዓመት ደጅ ጠንተዋል። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ በር ላይ ቆሞ የባለጉዳይ ስም ይጠራ ነበር፤ የተጠራው «አቤት» ብሎ ይገባል። እሳቸው ማታ ቤት ሲመለሱ ጫማቸውን እያወለቁ የሚሏት አንድ ነገር ነበረች፦ «ዛሬም አልተጠራሁም።» ሳይጠሩ ሞቱ።

ስማቸውን ፊደል በፊደል ለመዝጋቢው ትነግረዋለች። ገጹን ይገልጣል፣ ደግሞ ይገልጣል፣ እስከ መጨረሻዎቹ ገጾች ይሄዳል። ጣቱ ይቆማል። መታወቂያዋ ላይ ሦስቱም ስሞች ስላሉ አይከራከርም።

የድምፅ መስጫው ወረቀት ከመሰጠቱ በፊት የመራጩ የቤተሰብ ስም ጮክ ተብሎ መጠራት አለበት፤ ደንባቸው ነው። መዝጋቢው ይነሣል። አዳራሹ መሐል የአያቷን ስም ይጠራል፤ አንዱን ፊደል ሰባብሮታል፣ ግን እሳቸው ናቸው።

«አንቺን ነው» ይላታል ባሏ ቀስ ብሎ።

ታውቃለች። የሽርጧን መቀነት ታጠብቃለች።

«አቤት» ትላለች፣ ደጅ የተቀመጠ ሰው እንኳ እንዲሰማው አድርጋ።