የቀትር ውኃ

ፔይሻን መሰላሉን እየወጣች ሳለ ውኃ ፊቷ ላይ ተረጨባት። ቀና ስትል የሰባ አንድ ዓመት አባቷ በጠራራ ፀሐይ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ቆሞ፣ በጎማ ሶላሯን ውኃ ያጠጣል።

«አባዬ! ምን እየሠራህ ነው?»

«አንቺ ደግሞ ዛሬ ምነው አልተኛሽም?»

«ሻንጣዬን እያዘጋጀሁ ነበር። ንገረኝ እንጂ!»

«እያቀዘቀዝኳት ነዋ! እንቁላል ይጠበስባታል እኮ።»

ፔይሻን ክው አለች። እንደ ቆዳ የሚጠቀለለው ይህ ስስ ሶላር ሙቀት እንደማይበግረው በሞቃታማዋ የታይናን ከተማ ፀሐይ ለክታ እንድታረጋግጥ ፋብሪካዋ ወደ አባቷ ቤት ከላካት ሠላሳ ቀኗ ነው። የተለመደው ባለመስታወት ሶላር ሲግል አቅም ያንሰዋል፤ የእሷ ግን በቀትር ንቅንቅ አላለም። አለቃዋ በየቀኑ የምትልከውን ቁጥር እያዩ «ተአምር ነው!» ብለዋታል። ዛሬ የመጨረሻውን ውጤት ልካ ነገ ባቡር ልትሳፈር ነበር።

ተአምሩ ለካ ጎማ ይዞ የቆመው ሰውዬ ኖሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጣሽ ጀምሮ። ምሳ በልተሽ ጋደም ስትይ እወጣለሁ። የጎረቤታችን ሶላር በሙቀት ሲለግም አይቻለሁ። ያንቺም ለግሞ ሰው ይሳቅብሽ?»

ልትቆጣው አፏን ከፈተች። የጆሮው ጫፍ በፀሐይ ተልጧል፤ አንገቱ ከስሏል። የሠላሳ ቀን ልፋቷን ውኃ በላው፣ እሷ ግን ይህን ሽማግሌ እንዲህ ወድዳው አታውቅም።

«አባዬ፣ እኔ እኮ የምለካው ሙቀቱን ራሷ መቻሏን ነበር። አሁን ቁጥሩ ሁሉ ውሸት ሆነ።»

ጎማው ከእጁ ወደቀ። «ታዲያ የኔ ጥፋት ነው በያቸው። ደውይና እኔ ላናግራቸው።»

ዝም ብትል ማን ያውቃል? ቁጥሩ ያምራል፤ አለቃዋም ወደውታል። ስልኳን አወጣች።

«ጌታዬ፣ የላክሁትን እንዳይጠቀሙበት» አለች። «ሲለካ ውኃ ይፈስበት ነበር። አዎ፣ በየቀኑ። ከዜሮ እጀምራለሁ።» የአለቃዋ ጩኸት ከስልኩ አልፎ ለአባቷ ተሰማ። አንገቱን ደፋ።

ስልኩ ሲዘጋ በዝግታ ጠየቃት። «ከዜሮ ማለት ስንት ቀን ነው?»

«ሌላ ሠላሳ።»

«እዚሁ?»

«እዚሁ። በቀትር ግን ጣሪያው ላይ ድርሽ እንዳትል!»

ሊያዝን ሞከረ። ከንፈሩን ነከሰ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «አይ፣ የኔ ነገር!» አለ። ከዚያ መሰላሉን እንደ ጎረምሳ ወረደው። ወዲያው አጥሩን አሻግሮ ለጎረቤታቸው ሲጮህ ሰማችው።

«እትዬ ዎንግ! ልጄ ነገ አትሄድም! እትዬ ዎንግ!»