የትልቁ ደወል ምት

በጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ጠዋት፣ የሆልምሮይድ መንደር የእጅ ደወል ደዋዮች ለውድድር ሊነሡ ሲሰናዱ ኤድዊን ሻው እጁ ተሰብሯል የሚል ወሬ መጣ።

አሞስ ሰግደን ቁርሱን ጥሎ ሮጠ። አሞስ በቡድኑ ውስጥ ትልልቆቹን የእጅ ደወሎች የሚይዝ፣ ክንዱ እንደ ግንድ የወፈረ የሱፍ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ኤድዊን ደግሞ ዜማውን የሚመሩትን ትንንሾቹን ይይዛል። እንደሱ ጣተ ፈጣን በአካባቢው አልነበረም። ሌላ መንደር እንዳይነጥቃቸው ፈርቶ፣ ታናሽ እህቱን ዚላን አግባብቶ የዳረለት አሞስ ራሱ ነው።

ኤድዊን ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል። ቀኝ እጁ በአረንጓዴ ሻሽ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። አረንጓዴ የተፎካካሪያቸው መንደር የብሪጋት ደዋዮች መለያ ነው፤ ጫፉ ላይ ደግሞ የሉተር ክራብትሪ ስም ተጠልፎበታል።

«ማነው?» አለ አሞስ።

ኤድዊን የታሰረ እጁን ጭኑ ላይ አስተካከለ።

«ብሪጋቶች ናቸው? ሉተር ነው?»

ኤድዊን ወደ ሚስቱ አየት አደረገና ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «ድልድዩ ጋ ጠበቁኝ። ብዙ ነበሩ።»

«አላግጠውብን ነዋ ሻሻቸውን አስረውልህ የሄዱት!»

ሉተር በየማለዳው ወተት ጭኖ በሆልምሮይድ የሚያልፍ ጋሪ ነጂ ነው። ዛሬም ሲያልፍ ያየው ሰው ነበር። አሞስ ከዚህ ሌላ ምን ይጠይቃል?

ዚላ በዚያ ሙቀት አንገትጌዋን እስከ አገጯ ቆልፋ የምድጃውን መቆስቆሻ ትወለውላለች። እንባ የለም። ፋሲካ ሰሞን ከደረጃ ወድቃ ሁለት ጥርሷ ሲረግፍም አላለቀሰችም። ጠንካራ ናት፣ አለ አሞስ በልቡ።

«ደውለህ ብቻ ና» አለችው። «ሌላውን ተወው።»

«ዝም ብዬ?»

«ዝም ብለህ። ዝም ማለት መቼ አቅቶህ ያውቃል?»

ፈሪ ያለችው መሰለው። ፊቱ ቀላ። በሩን ወርውሮ ዘግቶ ወጣ።

በከተማው አዳራሽ ጠረጴዛዎቹ በወፍራም ብርድ ልብስ ተሸፍነው፣ የተወለወሉት ደወሎች ተደርድረው ሲያብረቀርቁ ብሪጋቶች ከበር ጀምሮ ተቀበሏቸው።

«ሆልምሮይዶች! ዜማችሁን ቤት ረስታችሁ መጣችሁ?»

«ምን ቸገራቸው፣ አሞስ ብቻውን ያገሳላቸዋል!»

«በሬ ነዋ!»

የቡድኑ መሪ ሽማግሌው ሚስተር ፈርዝ የአሞስን ክንድ ያዙ። «መድረክ ላይ እንመልስላቸዋለን፣ ልጄ። እጅህን ሰብስብ።»

መድረክ ላይ አልመለሱላቸውም። በኤድዊን ቦታ የቆመው ሰው ገና ከመጀመሪያው ስቶ፣ ደወሎቹን አምታታ። ዜማው ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ሆነ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አሞስ አጨብጭበው እስኪያስወጧቸው አልጠበቀም። ትልቁን ደወል በቆዳ እጀታው እንደጨበጠ በጓሮ በር ወጣ።

ሉተር የውኃ ቧንቧው ጋ ፊቱን ይታጠባል። ቀና ሲል አሞስን አየው። አልሸሸም።

«አሞስ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እህትህ እንዴት ሆነች?»

እህቴን! ደግሞ እህቴን ይጠራል!

የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። ደወሉ ጓሮውን ሁሉ የሞላ ድምፅ አሰማ። ሁለተኛው ክንዱ ላይ ሲያርፍ ግን አልጮኸም፤ የጮኸው አጥንቱ ነው። ሉተር ተንበረከከ። አሞስ በርግጫ ጣለውና ቀኝ እጁን ድንጋዩ ላይ ዘርግቶ በጉልበቱ ተጫነው።

«ይሄ ለኤድዊን!»

«አሞስ፣ ስማኝ፣ እኔ እኮ...»

ደወሉ ጣቶቹ ላይ ወረደ። አሞስ ቃሉን አላስጨረሰውም። ደግሞ አነሣው፤ ደግሞ አወረደው። ናሱ በደም ጨቀየ።

ብሪጋቶች ጩኸቱን ሰምተው ግር ብለው ወጡ፤ ሆልምሮይዶችም ተከትለው። ዱላ የያዘ በዱላ፣ ወንበር የያዘ በወንበር ተያያዘ። አንዱ የሌላውን ጆሮ በጥርሱ ይዞ አልለቅ አለ። ሽማግሌው ሚስተር ፈርዝ ሊገላግሉ ገብተው ግንባራቸው ተተርትሮ ወደቁ። የአሞስም የላይኛው ከንፈር ተሰነጠቀ፤ አላመመውም። የፖሊስ ፊሽካ ሲሰማ አጥሩን ዘሎ በሜዳው አቋርጦ ሮጠ።

ሲሮጥ ደስ ይለው ነበር። ለእህቱ አንድ ነገር ያደረገላት ዛሬ ገና መሰለው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰ። ዚላ ለባሏ ሾርባ በማንኪያ ታጠጣዋለች። ማንኪያውን ባነሣች ቁጥር ኤድዊን ራሱን ወደኋላ ይስብና ኋላ ቀስ ብሎ አፉን ይከፍታል።

«ተበቀልኩልሽ» አለ አሞስ፣ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ።

«ማንን?»

«ሉተርን ነዋ! ከእንግዲህ ደወል አይጨብጥም። ጋሪም አይነዳም። ጣቶቹን አድቅቄለታለሁ።»

ኤድዊን ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ዚላ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወደ ወንድሟ ዞረች።

«እጄን ይዞ መቆስቆሻውን ያስጣለኝ እሱ ነበር» አለች። «ሉተር ባይደርስ ኖሮ፣ ዛሬ ጠዋት የኤድዊንን ሬሳ ነበር የምታገኘው።»