መቀርቀሪያው

የጎረቤቷ የእትዬ ጥሩአየሁ ልጅ ይታገሱ ራሱን አጥፍቶ ያገኘችው እሷ ነበረች። እናቱ «ሰርቪስ ቤት ነው፤ እስቲ ቀስቅሽልኝ» ብለው ልከዋት ነው። ለእናት በድንገት አይነገርምና፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ እስኪያረዳቸው «ተኝቷል፣ እትዬ» እያለች አጠገባቸው ዋለች።

ከዚያ ወዲህ የተዘጋ በር ማየት ስለማትችል የቤቷን የውስጥ በሮች አስነቅላ መጋረጃ ሰቅላለች። ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሳት ግን የሰርቪስ ቤቱ በር መቀርቀሪያ ነው። ያን ዕለት ከውጭ ተቀርቅሮ አግኝታ ነው የከፈተችው። ማን ቀረቀረበት?

አርባው በወጣ ማግስት ጨክና ጠየቀቻቸው። «እትዬ፣ ከእኔ በፊት እዚያ ቤት የገባ ሰው ነበር?»

እትዬ ጥሩአየሁ ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም።

«እኔ ነኝ የቀረቀርኩት» አሉ። «‹ተኝቷል› የሚለኝ ሰው ፈልጌ ነው፣ ልጄ።»